አልከፈት ያሉት ሃያ ሁለት መስኮቶች

አንድ ቀን ደሴ ላይ ስለ መስኮት ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው አሥራ አንደኛው ነበር። አሥሩ ያለ ውሳኔ ያለቁት ሰዉ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም በትጋት ነበር የሚሰበሰበው። በመጀመሪያው ስብሰባ መስኮቶቹ ይጠገኑ የሚሉና ይቀየሩ የሚሉ ሁለት ወገኖች ተፈጠሩ። በሁለተኛው «ቅድሚያ መስኮት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ» የሚል ሦስተኛ ወገን ተወለደ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በስድስተኛው ላይ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በሰባተኛው ንዑስ ኮሚቴውን የሚከታተል ሌላ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በስምንተኛው ሁለቱ ንዑስ ኮሚቴዎች ተጣሉ፤ በዘጠነኛው የሚያስታርቋቸው ሽማግሌዎች ተመረጡ። አሥረኛው የዕርቅ ስብሰባ ነበር። መስኮት የሚል ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ግን ከሁሉም ስብሰባዎች ደስ የሚለው እሱ ነበር ይባላል።

ቤቱ የነጋድራስ እሸቴ ቤት ይባላል። ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ነጋድራሱ ካለፉ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ የአንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሆነ፤ በቅርስነትም ተመዘገበ። ሃያ ሁለት መስኮት አለው። ሁሉም የጥድ እንጨት ናቸው፤ ሁሉም ባለ ሁለት መዝጊያ ናቸው፤ ከሃያ ሁለቱ ውስጥ ግን ሁለት እኩል የሆኑ አይገኙም። ግንበኛው በገመድ ሳይሆን በዓይኑ የሚለካ ሰው ስለነበረ፣ ቁርስ በልቶ የመጣ ቀን ሰፊ ክፍተት ይተዋል፣ ሳይበላ የመጣ ቀን ጠባብ። ከኋላው የመጣው አናጢ ይማም ታዲያ ምንም ሳያጉረመርም፣ ልብስ ሰፊ ለየሰዉ እንደሚለካው፣ እያንዳንዱን ክፍተት ለብቻው ለክቶ ለየአንዱ የራሱን መስኮት አበጀለት።

የይማም ልጅ ይመር ዛሬ እሱም ስልሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። እንደ አባቱ አናጢ ነው፤ ሰፈሩ «አያ ይመር» ይለዋል። ይማም ፎቶግራፍ አልተነሣም፣ መሬት አላወረሰም፣ ፊደልም አልቆጠረም። ያስቀረው ነገር ቢኖር እነዚያን መስኮቶች ነው። ስለዚህ አያ ይመር አባቱ የናፈቀው ቀን ገበያ ሲወርድ መንገዱን አስረዝሞ በነጋድራስ እሸቴ ቤት በኩል ይሄዳል፤ ቤቱን እየዞረ፣ ቀና እያለ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ይቆጥራል። ሃያ ሁለት ከሞላለት ልቡ ሞልቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ሊገላግለው የተሰበሰበው ከዚህ ነገር ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር በዝቶበት የተቸገረ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ «በሠለጠነው ዓለም» ሳይል ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። በመስኮቶቹ ላይ ሰማንያ አራት ገጽ ጥናት ጽፏል። ስልሳው ገጽ ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ነው። የቀረው ስለ መስኮቶቹ ሲሆን፣ አንዱን ለክቶ በሃያ ሁለት አባዝቶታል። መደምደሚያው አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ናት፦ «መስኮቶቹ ሞተዋል።»

ይህን ጥናት ይዞ ነው አያ ይመርን በአሥራ አንደኛው ስብሰባ ላይ ያስጠራው። አያ ይመር ምክር የሚጠየቅ መስሎት የጁምዓ ኮቱን ለብሶ መጣ። ስብሰባው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነበር። ዘጠኝ ሰው ረጅም ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል፤ ኢንጂነሩ ከጠረጴዛው ራስጌ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር ነው። ክፍሉ ከመታፈኑ የተነሣ የሰዉ ግንባር ያብረቀርቃል፤ ግን ካፖርቱን ያወለቀ የለም።

«አያ ይመር፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ ኢንጂነሩ። «ለአንዲት ጥያቄ ነው የፈለግንህ። ሃያ ሁለቱን መስኮት በስንት ቀን ነቅለህ ታወጣልናለህ?»

አያ ይመር የሰማውን አላመነም። ወደ ጸሐፊዋ ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ዞር ብሎ አየ፤ እሷም አንገቷን ደፋች።

«ምን አጥፍተው ነው የሚነቀሉት?» አለ።

«ሞተዋል።»

«እንዴ! መቼ? እኔ እኮ የቅርብ ዘመድ ነኝ። የሚያረዳኝ ሰው ጠፍቶ ነው ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁት?»

ሰዓዳ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም፤ ጥናቱን ከፍ አድርጎ ያዘና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ከሃያ ሁለቱ አንዱም አይከፈትም። ገፍተን አይተናል፣ ጎትተን አይተናል። በሠለጠነው ዓለም የማይከፈት መስኮት መስኮት አይባልም፤ ግድግዳ ነው የሚባለው። ግድግዳ ደግሞ አለን። ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ንጹሕ አየር አጥቶ እየታፈነ ነው! በአሉሚኒየም እንቀይረውና ሰዉ ይተንፍስ።»

«እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ» አለ ጡረተኛው መምህር ንጋቱ፣ የሦስተኛው ወገን መሪ። «ኢንጂነር 'ግድግዳ' ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?»

«መምህር፣ እባክዎን!» አለ ኢንጂነሩ።

«እንጨቱስ?» አለ አያ ይመር። «እንጨቱን ምን ልታደርጉት ነው?»

«የዘበኞቹ ቤት ማገዶ ቸግሮታል።»

አያ ይመር አባቱ አንዷን መዝጊያ ለማስተካከል ሦስት ቀን ሲደክም፣ እናቱ «በመስኮት ልትቀበር ነው እንዴ?» እያለች ስትቆጣ የነገሩት ታሪክ ትዝ አለው። ኮቱን ቆለፈ። ሲናገር ግን ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«ኢንጂነር፣ የአባቴ መስኮት ዝም ብሎ አይሞትም። አንቆ የያዘው ነገር ይኖራል እንጂ። አንድ መስኮትና አንድ ሳምንት ስጡኝ።»

«የትኛውን?»

«ይሄን ከራስዎ በላይ ያለውን።»

ኢንጂነሩ ዞር ብሎ መስኮቱን አየው፤ ከዚያ ፈገግ አለ። ሃያ ሁለቱን ሲመረምር ከሁሉ ይልቅ ንቅንቅ ያላለው ያ መስኮት ነበር። ጓደኞቹን በዓይኑ ጠቀሰና ወደ ሰዓዳ ዞረ።

«ጻፊ! አንደኛ፣ መስኮቱ በአንድ ጣት ይከፈት። ሁለተኛ፣ ንጹሕ አየር ማስገባቱ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ወረቀት ይረጋገጥ። ሦስተኛ...» ትንሽ አሰበ። አናጢ ተንኮለኛ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ ሰዉ ሲያጨበጭብለት ተመልሶ የሚጣበቅ ነገር ሊያመጣ ይችላል። «ሦስተኛ፣ ኮሚቴው ውሳኔውን ጽፎ ሁሉም አባል ፈርሞ እስኪጨርስ ድረስ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይቆይ! ይሄን ካሟላ ሃያ ሁለቱም ይጠገናሉ።»

«ካላሟላስ?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል።

ሁሉም አያ ይመርን አዩት።

«ካልተከፈተ ሃያ ሁለቱንም በገዛ እጄ እነቅላለሁ» አለ። «ማገዶውንም ፈልጬ አስረክባለሁ።» ከአፉ ካወጣው በኋላ ደነገጠ። ሰዓዳ ግን ጽፋው ነበር።

በማግስቱ አያ ይመር መሰላሉንና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ መጣ። በመጀመሪያ ያገኘው ቀለም ነው። ቀለም ስላችሁ አንድ ወይም ሁለት እጅ አይደለም፤ ዘጠኝ! የመሥሪያ ቤቱን ልማድ ታውቃላችሁ፦ ትልቅ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ቤቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀለም ይቀባል። መስኮቱን ከፍቶ ጠርዙን ለብቻ የሚቀባ ጊዜ ያለው ሰው የለም፤ እንደተዘጋ ከመቃኑ ጋር አንድ ላይ ይለቀለቃል። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ክሬም፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ብርቱካናማ። ዘጠኝ እንግዳ ዘጠኝ ጊዜ አጣብቆታል። ከዘጠኙ ሰባቱ ደግሞ ጉዟቸውን ሰርዘው ሳይመጡ ቀሩ።

አያ ይመር ቀለሙን ሁለት ቀን ሙሉ ሲፍቅ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከቀለሙ ሥር ምስማር አገኘ። አንዱን በጉጠት ነቀለ፤ ከጎኑ ሌላ አለ። እሱን ሲነቅል ደግሞ ሌላ። አሥራ አንድ ሆኑ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ የፈረስ ጫማ ምስማር የሚመስል። ያንድ ሰው ሥራ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ዘበኛው መሰላሉን ደግፎ ይዞ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየና ሳይጠየቅ፣ «እኔ የመታሁት ሦስቱን ብቻ ነው» አለ።

«ለምን መታህ?»

«ንፋስ ይገባል ብለው አዘውኝ ነዋ! የሂሳብ ሹሙ ናቸው ያዘዙኝ። ከዚያ በፊት የነበሩትን አላውቅም።»

ሰዓዳም በአጠገባቸው ስታልፍ ቆም አለች፤ ጥቂት አንገራገረችና፣ «አያ ይመር፣ ያቺ ቀጭኗ የኔ ናት» አለች። «ወልጄ አራስ ቤት ከርሜ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ብርድ እንዳይመታኝ ብዬ ነው፣ አፉ በሉኝ።»

«አብሽሪ» አለ አያ ይመር። «ብቻሽን አይደለሽም።»

ምስማሩ ሲያልቅ በመዝጊያውና በመቃኑ መሀል የተወተፈው ነገር መጣ። የጨርቅ ቁራጭ፣ የጋዜጣ ወረቀት፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ የከረሜላ ካርቶን። ከታች በኩል፣ ልክ የኢንጂነሩ ወንበር የሚያርፍበት ቦታ፣ አራት ቦታ ታጥፎ በጥንቃቄ የተጠቀጠቀ ነጭ አዲስ ወረቀት ነበር። አያ ይመር በመሮ ፈልፍሎ አወጣውና ማንበብ ስለማይሆንለት ለሰዓዳ ሰጣት።

ሰዓዳ ዘረጋችው። አነበበች። ከዚያ ያለ ወንበር ቁጭ ልትል ደርሳ ግድግዳውን ያዘች።

«ምን ይላል?»

«የጥናቱ ገጽ ነው፤ የኢንጂነሩ!» አለች ሳቅ እያፈናት። «ምዕራፍ ሁለት። 'ንጹሕ አየር ለሠራተኛው ጤና ያለው የማይተካ ጥቅም' ይላል። ወይኔ! ስብሰባ ላይ ጀርባዬን በረደኝ እያለ ወደ ኋላው ሲጎረጉር አየው ነበር እኮ።»

አያ ይመር አልሳቀም። መሰላሉ ላይ እንደቆመ ዘጠኙን ቀለም፣ አሥራ አንዱን ምስማር፣ ካልሲውንና ጥናቱን በተራ አያቸው። ለስንት ዓመት «አልከፈት አለ» ተብሎ የታማው መስኮት፣ አንድም ሰው እንዲከፈት ፈልጎ አያውቅም ነበር! ተናደደ፤ ከመናደዱም በላይ አባቱ አሳዘነው። ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እንጨቱ ደህና ነበር። ጥድ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም። አንዷ መዝጊያ ብቻ ከታች ትንሽ አብጣ ነበርና እንደ ጸጉር በቀጭኑ ላጋት። የተሰነጠቀውን መስታወት ለወጠ፣ ማጠፊያዎቹን ፈትቶ ዝገቱን አራገፈ፣ ዘይት አጠጣቸው። የሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ በአንድ ጣት ገፋ አደረገው። መስኮቱ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። አያ ይመር መልሶ ዘጋው፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ደግሞ ከፈተው። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደከፈተና እንደዘጋ ዘበኛው ቆጥሮ ሠላሳ ላይ ሰልችቶት ተወው።

አሥራ ሁለተኛው ስብሰባ የኅዳር ወር ነበር። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በኅዳር ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሰው አይመርጥም። ዘጠኙ የኮሚቴ አባላት በሩን ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ ካፖርት ለብሰው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ትኩስ ሻይ ጠጥተው ላብ በላብ ሆነው ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሁለተኛው ነጥብ ወረቀት ይቀመጥ ስለሚል ጥናቱን ጠረጴዛው መሀል አኖረው፤ ለመጠረዝ ገና ስላልተላከ ገጾቹ ልቅ ነበሩ። ከሰማንያ አራቱ አንዱ ገጽ የት እንደሄደ የጠየቀ የለም።

«ይሄን ካንቀሳቀሰ በእውነት አየር ገባ እላለሁ» አለ። «ቀጥል፣ አያ ይመር።»

አያ ይመር ቢስሚላሂ ብሎ ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። ነካ አደረገው።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የጦሳ ንፋስም ከዓመታት በኋላ ቤቱን ሊጎበኝ ገባ። ጥናቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ገጽ በገጽ እየተበተነ ጣሪያ ድረስ ወጣ። የንጹሕ አየር ጥቅም ምዕራፍ የሂሳብ ሹሙን ፊት ሸፈነው። መጋረጃው የመምህር ንጋቱን ባርኔጣ ይዞ ሄደ።

«ዝጋው!»

«ኧረ ዝጋው አያ ይመር!»

«ላቤ ላይ ነኝ እኮ! ላቤ ላይ!»

«ጆሮዬን! ጆሮዬን መታኝ!»

«የሳንባ ምች ልታስይዘን ነው? ልጆች አሉኝ!»

መምህር ንጋቱ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «መስኮቱን! መስኮቱን ዝጉት ነው የምላችሁ!» ብሎ ጮኸ። በአሥራ ሁለት ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮት ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ ተግባባ። ኢንጂነር ልሳነወርቅን ለጊዜው ያየው ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን ከመዝገብ ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ሻርፑን ዓይኑ ሥር ድረስ ተከናንቦ ተገኘ።

አያ ይመር የመስኮቱን እጀታ ይዞ ቆሟል።

«ወላሂ እኔም መዝጋቱን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ግን ቃለ ጉባኤ ነው፤ እንዴት አድርጌ ልጣሰው? ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ሦስተኛውን ነጥብ እስቲ አንብቢልን።»

ሰዓዳ መዝገቡን በክንዷ ተጭና፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ አነበበች፦ «ኮሚቴው ውሳኔውን ጽፎ... ሁሉም አባል ፈርሞ... እስኪጨርስ ድረስ... መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይቆይ።»

«ማነው ይሄን ነጥብ ያስገባው?» ብሎ ጮኸ የሂሳብ ሹሙ።

ሁሉም ወደ ቁም ሣጥኑ ዞሩ።

«እንግዲህ እንፈርም!» አለ አንዱ። «ይጠገኑ ብለን እንፈርምና ይዘጋ!»

«አልፈርምም!» የሚል ድምፅ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ መጣ። ኢንጂነሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። «መስኮቱ ጉድለት አለበት! አየር ያስገባል!»

«ባለፈው ሳምንት አየር አያስገባም ብለው ነበር እኮ» አለች ሰዓዳ።

«ያኔ አያስገባም ነበር፤ አሁን ያስገባል። ሁለቱም ጉድለት ነው! በሠለጠነው ዓለም አየር በልኩ ነው የሚገባው። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ስትፈልግ ትከፍተዋለህ፣ ሲበቃህ ጥርቅም ታደርገዋለህ። ይሄ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ይነቀል!»

'ጥርቅም' የምትለዋ ቃል ሰዉ ልብ ውስጥ ገባች። የሂሳብ ሹሙ ሻርፑን እያጠበቀ፣ «እውነትም አሉሚኒየም ጥርቅም ይላል ይባላል» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ደግሞ «ይለወጡ እንበልና ይዘጋልን» አለ። አያ ይመር ዘጠኙን ፊት በየተራ አየ። ጣቱ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ጣት ግን ድምፅ አይሰጥም። የአባቱ ሃያ ሁለት መስኮቶች እዚያው ዓይኑ እያየ፣ በብርድ ምክንያት፣ ወደ ዘበኞቹ ምድጃ ሊሄዱ ነው። ከዚያ እጀታውን ሳይለቅ ወደ ኢንጂነሩ ዞረ።

«መልካም» አለ። «የአባቴ ይነቀል። አሉሚኒየሙ ይምጣ፤ እንደ ቅቤ ይንሸራተት፤ በጣት ሳይሆን በትንፋሽ ይከፈት። መዶሻዬን ላምጣና አሁኑኑ ልጀምር። አንዲት ነገር ብቻ ንገሩኝ፣ ኢንጂነር፤ አዲሱን ማን ሊከፍተው ነው?»

ኢንጂነሩ «በሠለጠነው...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ወደ ሂሳብ ሹሙ አየ፤ የሂሳብ ሹሙ ወደ መሬት አየ። ወደ መምህር ንጋቱ አየ፤ መምህር ንጋቱ፣ «እኔን አትዩኝ፣ እኔ የሳይነስ በሽተኛ ነኝ» አለ። ወደ ሰዓዳ አየ፤ ሰዓዳ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ዘጠኝ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በበሩ ቀዳዳ የሚያዳምጠው ዘበኛ እንኳ፣ «እኔም አልከፍትም!» ብሎ ከውጭ ጮኸ።

በአሥራ አንድ ስብሰባ ያልተወሰነው ነገር በአራት ደቂቃ ተወሰነ። ብዕሩ ከእጅ ወደ እጅ እየበረረ ዘጠኙም ፈረሙ፤ ኢንጂነሩ የፈረመው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እጁን ብቻ ዘርግቶ ነው። የመጨረሻው ፊርማ እንዳረፈ አያ ይመር መስኮቱን በአንድ ጣቱ መለሰው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሰዉም እፎይ ብሎ ወደ ላቡ ተመለሰ።

ያ ቃለ ጉባኤ ዛሬም መዝገብ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ «ሃያ ሁለቱም መስኮቶች በአናጢ ይመር ይማም እጅ፣ በአንድ ጣት የሚከፈቱ እስኪሆኑ ድረስ እንዲታደሱ» ይላል። ሁለተኛውን አንቀጽ ያቀረበው ኢንጂነር ልሳነወርቅ ነው፤ በሙሉ ድምፅ የጸደቀው እንዲህ ተብሎ ነው፦ «ታድሰው ሲያበቁ ማንም ሰው እንዳይከፍታቸው።»